ለፀሐይ ብዬ የበሳሁት ግድግዳ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ የተከራየኋት ክፍል እንዲያው መቃብር ናት። መስኮት የላትም፤ በሯንም የአከራዬ የሐጂ የማሽላ ጆንያ ክምር ጋርዶታል። ልብስ ሰፊ ነኝና በጠራራ ቀን እንኳ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ግቢ እወጣለሁ። ኖራ ቀባኋት፣ አልበራ አለች። መስተዋት ሰቀልኩ፣ ጨለማውን ሁለት አደረገው።

ሐጂን መስኮት ላውጣ ብላቸው፣ «ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ መስኮት የሰው ግቢ ያያል። ግድግዳዬን የነካህ ቀን ዕቃህን ትሸከማለህ!» አሉኝ።

ዓርብ ለጁምዓ ሲወጡ ጠብቄ፣ ከግድግዳው ጀርባ መንገድ ነው ብዬ መዶሻና መሮ አነሳሁ። ስመታ ግድግዳው ያስተጋባል። ባቆምም ማስተጋባቱ አላቆመም። ሐጂ ተመልሰው የሚያንኳኩ መሰለኝና ላብ አጠመቀኝ። መዶሻውን ፍራሽ ሥር ሸጉጬ በሩን ከፈትኩ፤ ማንም የለም።

ዞር ስል ያልነካሁት ጡብ ዱብ አለ።

«በስመ አብ!» ብዬ ጮህኩ።

በቀዳዳው አቧራ የለበሰ የጎልማሳ ፊት ብቅ አለ፤ ከኋላው ድቅድቅ ጨለማ ነው።

«ኧረ ቀስ በል ወንድሜ፣ ሐጂ እኔንም ያስወጡኛል!» አለኝ በጎንደርኛ። «ለመሆኑ ፀሐይዋ ባንተ በኩል ናት?»