ዲርቼ የመዘዘችው ባሕታዊ

በኢጣሊያ ከቦሎኛ ከተማ በላይ ባሉት ኮረብቶች ብቻውን የሚኖር ሽማግሌም ሆነ አሮጊት የጠዋቱ ደወል ሳይደወል የመስኮቱን መዝጊያ ይከፍታል። ያልከፈተ ሰው ደጁ ይንኳኳል። ሞቶም እንደሆነ ከሽታው ጎረቤቱ ይቅደም ብለው ነው።

ዲርቼ ካርታ አንባቢ ናት፤ የመጫወቻ ካርታ እየመዘዘች ለሰው ዕድሉን ትነግራለች። መንደሩ ከቄሱ ይልቅ እሷን ይሰማል፤ ቄሱም ይህን ያውቃል። ፊት ለፊቷ የምትኖረው አርጂያ ባሏ ኤርመስ ከሞተ ወዲህ ማታ ማታ እየመጣች ታለቅስ ነበር። ወሬዋ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "የዚያን ቀን እኮ ሾርባውን እንኳ አልጨረሰም።" ዲርቼ መጀመሪያ አብራት አለቀሰች። ከዚያ ዝም አለች፤ ከዚያ አንገሸገሻት። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል፤ መድኃኒትም ግን ሲበዛ ያስመልሳል።

አንድ ማታ አርጂያ "እስቲ አንብቢልኝ" ብላ ለመነቻት። ዲርቼ ካርታውን ስትበውዝ ከሥር አንዱን መዘዘች፤ ካባ የለበሰ፣ ምርኩዝና ፋኖስ የያዘ ሽማግሌ።

"ባሕታዊው ነው። ብቻሽን ሁኚ ይልሻል። የወይኑ ለቀማ እስኪያልቅ ማንም እንዳይገባ፣ አንቺም እንዳትወጪ።"

"አንቺስ ጋ?"

"እኔም ጋ።"

አርጂያ ካርታውን ትኩር ብላ አየችው፤ ሻርፗን ደርባ ወጣች።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ወሬው ወጣ፤ መንደሩም የካርታውን ትእዛዝ አከበረ፤ ዳቦ ደጃፏ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል እንጂ የሚያንኳኳ ጠፋ። ዲርቼ መጀመሪያ ሰሞን እፎይ አለች። በኋላ ግን አርጂያ ትቀመጥበት የነበረው ባዶ ወንበር ያፈጥባት ጀመር። ካርታ ያስተማረቻት እናቷ "ባሕታዊው ሰው ጠልቶ አይደለም የሄደው፤ ልቡን ሊያይ ነው። ፋኖሱን ከፍ ያደረገውም ከኋላው የሚመጣ ስላለ ነው" ትላት ነበር። ተሻግራ ልትናገር ደጋግማ ተነሣች፤ ካርታዬ ዋሸ የምትል አንባቢን ማን ያምናል? እያለች ደጋግማ ተቀመጠች።

አንድ ጠዋት የአርጂያ መስኮት ሳይከፈት ደወሉ ተደወለ። ዲርቼ ከመጋረጃዋ ጀርባ ቆማ አየች። ይከፈታል፣ አሁን ይከፈታል ስትል ረፈደ።

"ዲርቼ!" አለች ዳቦ ጋጋሪዋ ሎሬዳና ከመንገድ። "ያ ባሕታዊሽ ሴትዮዋን ይዟት ሄደ እንዴ?"

"አንኳኪያ!"

"እኔ? ካርታው ከልክሎ? አንቺው አስገባሻት፣ አንቺው አውጫት!"

ዲርቼ በነጠላ ጫማዋ ተሻገረች። ብታንኳኳ መልስ የለም። በሩን ገፋችው፤ አልተቆለፈም። አርጂያ ጨለማው ማድ ቤት ውስጥ ሻርፗን ደርባ ተቀምጣለች።

"አርጂያ! አለሽ?"

"አለሁ። በሩን ዝጊው፣ ብርድ ይገባል።"

ዲርቼ በሩን ዘግታ አጠገቧ ተቀመጠች። "ካርታው አይደለም፤ እኔ ነኝ። ሰልችተሽኝ ነበር። ከሥር መዝዤ ነው ያወጣሁት።"

"አይቼሻለሁ። ኤርመስ በካርታ ጨዋታ ያላጭበረበረው ሰው ነበር? እሱ እንኳ ካንቺ ይሻል ነበር።"

"አውቀሽ ነው ታዲያ የተዘጋሽው?"

"ሰልችቼሻለሁ ማለት ነው አልኩ። የሰለቸ ሰው የት ይሄዳል?" አርጂያ ወደ መስኮቱ አየች። "ዛሬ አውቄ ሳልከፍተው ተውኩት። ዲርቼ ዛሬም ካልመጣች፣ እንግዲህ ካርታው እውነቱን ነው አልኩ።"

ዲርቼ አፈረች፤ እንባዋ መጣ። መስኮቱን ልትከፍት ብትነሣ አርጂያ ያዘቻት።

"ተይው፣ ተቀመጪ። ሾርባውን እኮ አልጨረሰም።"

ዲርቼ ተቀመጠች። "ለምን አልጨረሰም?" አለቻት። ያን ሁሉ ማታ ይህን ጠይቃት አታውቅም።

አርጂያ ሻርፗን ሰበሰበች።

"ጨው የለውም አለኝ። እግር የለህም ወይ፣ ተነሥተህ አምጣ አልኩት። ሲነሣ ነው የወደቀው።"