ይታይሽን ሊወስዷት የመጡ ጊዜ

ባለፈው ግንቦት፣ የእረፍት ደወል ተደውሎ ሳለ፣ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንድ ስልክ ከበው ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው አገኘኋቸው። የፈተና መልስ የሚቀባበሉ መስሎኝ ቀረብ ብል፣ ስልኩ ላይ ገና ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ አንድ መለሎ አሜሪካዊ ልጅ ከእናቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ ፊት ለፊቱ ኮፍያዎች ተደርድረዋል። ሁለተኛ ደረጃ እየጨረሰ ያለ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች መሆኑን፣ ኮፍያዎቹም እንዲጫወትላቸው የሚፈልጉት ዩኒቨርሲቲዎች መለያ መሆናቸውን፣ አንስቶ ጭንቅላቱ ላይ የሚያደርገው ኮፍያ የሚሄድበትን ትምህርት ቤት እንደሚናገር እየተሻሙ አስረዱኝ። ደብረ ማርቆስ ተቀምጠው፣ በዓይነ ሥጋ አይተውት ስለማያውቁት ልጅ ጎራ ለይተው ሲሟገቱ መክረማቸው ከፊታቸው ያስታውቃል። «ቲቸር፣ እርስዎ የትኛውን ያነሳል ይላሉ?» አለችኝ አንዷ። «እኔ እንጃ» ብዬ ወጣሁ። ደጅ ዝናብ ማካፋት ጀምሮ ነበር። የጋለ ሲሚንቶ የመጀመሪያውን ካፊያ ሲጠጣ የሚያወጣው ያ ጠረን ከኳስ ሜዳው ተነስቶ አፍንጫዬ ሲገባ፣ በረንዳው ላይ እንደቆምኩ ልቤ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄደ።

እኔና ይታይሽ ሮብ ገበያ የሚባል የገጠር ሰፈር ልጆች ነን። አባቷ ቄስ አለሙ እኛ ደብር ይቀድሳሉ፣ አባቴ እዚያው ደብር የሚያስቀድስ ገበሬ ነበር፤ ሥጋ ዝምድና የለንም። በጊዜው የሰፈራችን ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለሚያበቃ፣ ሁለቱ አባቶች ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ዛፍ ጥላ ሥር ተነጋገሩና፣ ሁለታችን ሴት ልጆቻቸው አብረን ማርቆስ ገብተን አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን ዘጠነኛን እንድንጀምር ተስማሙ። እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴትዮ ከግቢያቸው ጓሮ አንዲት ጭቃ ቤት አከራዩን። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ለእኔ ልክ፣ ለይታይሽ ግን ሁልጊዜ እንደጎነበሰች የምትኖርበት ነበር። በሩን በገባች ቁጥር ግንባሯ ከመቃኑ ጋር ስለሚጋጭ፣ እማማ ጥሩነሽ ከወጥ ቤታቸው ሆነው «አንቺ ልጅ፣ በሩን በእጅሽ ክፈቺው እንጂ በግንባርሽ አትክፈቺው!» ይሉ ነበር። የምንተኛበት ፍራሽ አንድ ነው፤ እግሯ ከፍራሹ አልፎ መሬት ላይ ስለሚቀር፣ ከቤት የተላከልንን የድንች ከረጢት ከግርጌ አስጠግተን ድንቹ እስኪያልቅ እንደ ትራስ እንጠቀምበታለን። ቅዳሜ ድንቹ ሲያልቅ እግሯ ይበርዳትና እኔ ጉያ ትደብቀዋለች። ቅዝቃዜው እንደ ብረት ነበር፤ እኔ እጮሃለሁ፣ እሷ ትስቃለች።

ዝምተኛ ነበረች። ቁመቷ ያሳፍራት ስለነበር መንገድ ላይ ስትሄድ ትከሻዋን ሰብስባ፣ አንገቷን ቀብራ ነው። የስፖርት አስተማሪያችን ቲቸር ጌታነህ አንድ ቀን በሰልፍ ላይ ከኋላ አይቷት ሜዳ ይዟት ሄደ። ሜዳው ሲሚንቶው የተሰነጣጠቀ፣ ከሁለቱ ቀለበቶች አንዱ ወደ ጎን ያዘነበለ፣ መረብ የሚባል ነገር ያልነካው ነበር። ኳሷን ሰጥቶ «ወርውሪያት» ሲላት ወረወረችና ገባች። እንደገና አላት፤ እንደገና ገባች። ቲቸር ጌታነህ ፊሽካውን አፉ ላይ እንዳደረገ መንፋት ረስቶ ቆመ። እኔ ያን ቀን ያየሁት ሌላ ነገር ነው፤ ይታይሽ ከቤት ከወጣን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ቆማ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት የደጋፊዎች ዓመት ነው። ሜዳውን የሚያዋስነው የድንጋይ አጥር ዝቅ ያለና ለመቀመጫ የሚመች ስለነበር፣ ከትምህርት በኋላ መጀመሪያ ተማሪው፣ ቀጥሎ የሰፈሩ ሰው ይሰበሰብበት ጀመር። ከሁሉም የማይቀሩት ሁለት ነበሩ። አንደኛው ጋሽ በላይ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቁጭ ብለውም ቢሆን ቀኝ እግራቸው ፍሬን የሚፈልግ ሽማግሌ። ሁለተኛዋ ሰርካለም ናት፤ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ በሲንጀር የምትሰፋ፣ የይታይሽን የደንብ ልብስ ቀሚስ በየወሩ ከሥር እየቀጠለች ያስረዘመች ሴት። ሁለቱም ስለ ቅርጫት ኳስ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ጋሽ በላይ ኳሷ ስትገባ «ጎል!» ነበር የሚሉት፤ ማንም አያርማቸውም።

ወሬው መቼ እንደተጀመረ አላስታውስም። የአዲስ አበባ ክለቦች ከየክፍለ ሀገሩ ልጆች እየመለመሉ ነው፣ መልማዮች ይመጣሉ ተባለ። አንዱ ክለብ ቀይ ማልያ፣ ሌላው ነጭ ማልያ ይለብሳል መባሉን ሰምተን፣ አጥሩ ላይ የተቀመጠው ሕዝብ ቀይና ነጭ ተብሎ ተከፈለ። ጋሽ በላይ ቀይ ሆኑ፤ ምክንያታቸው የቀዮቹ ካምፕ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ቅርብ ነው የሚል ነበር፤ ይታይሽ አገሯ ስትመጣ አትቸገርም። ሰርካለም ነጭ ሆነች፤ ነጭ ለጥቁር ልጅ ይደምቃል አለች። በየቀኑ አዲስ ወሬ አለ፤ ዛሬ ቀዮቹ ቆርጠዋል፣ ማግስቱን ነጮቹ ደውለዋል፣ ከዚያ ደግሞ ሁለቱም ትተዋታል ይባልና ሰው ሁሉ ኩምትር ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንድ ሰሞን የስፖርት ጫማ ያደረገ እንግዳ ጎልማሳ ሆቴል ማረፉ ተሰማ፤ መልማዩ ነው ተባለ። ጋሽ በላይ ራሳቸው ሄደው ምሳ ጋብዘው፣ ክንዱን ይዘው አምጥተው፣ ከአጥሩ ምርጥ ቦታ ላይ አስቀመጡት። ሰውዬው ጨዋታውን እስከ መጨረሻው በትሕትና አየ። ሲጨርስ ጋሽ በላይ «እንግዲህ ምን ይላሉ?» ቢሉት፣ «እጅግ ጥሩ ነው፤ ግን እኔ የመጣሁት የድንች ዘር ልገዛ ነው» አላቸው። ይህን ታሪክ ስናወራ ሳቃችን ሳያልቅ ወሩ አለቀ።

እኔም በዚያ ዓመት ሰው ሆንኩ። ከዚያ በፊት ክፍል ውስጥ ስሜን የሚያውቅ ተማሪ እንኳ አልነበረም፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፄ የማይሰማ ልጅ ነበርኩ። የይታይሽ አብሮ አዳሪ መሆኔ ሲታወቅ ግን አጥሩ ላይ ቦታ ይጠበቅልኝ ጀመር። «ቁርስ በላች?» ይሉኛል። «እግሯን ያማት የነበረው እንዴት ሆነ? ደህና ተኛች?» እኔም እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሮዬን ጠርጌ መልስ እሰጣለሁ። ሰርካለም ስትሰማኝ ልብሷ ላይ የተሰካውን መርፌ እያሽከረከረች ነው፤ ጋሽ በላይ የነገርኳቸውን ላልሰማው ጮክ ብለው ይደግሙለታል። ማታ ቤት ስንገባ፣ በሶ እየበጠበጥን፣ የተባለውን ሁሉ ለይታይሽ እነግራታለሁ፤ ቀዮቹ እንዲህ አሉ፣ ነጮቹ እንዲህ። እሷ የሌላ ሰው ወሬ የምትሰማ ይመስል ትሰማና «እሺ፣ ማን አሸነፈ?» ትለኛለች።

እውነተኛዋ መልማይ በመጣች ጊዜ ማንም አላወቃትም። ከፍኖተ ሰላም ቡድን ጋር ጨዋታ የነበረ ቀን ነው፤ ሰማዩ ዝናብ አዝሏል። ጃንጥላ የያዘች፣ ተራ ሹራብ የለበሰች፣ ገበያ የወጣች የምትመስል ሴት መጥታ ከአጠገቤ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ይጮሃል። እኔም እጮሃለሁ፤ ድምፄ ከሰው መሀል ተለይቶ ለራሴም ይሰማኝ ነበር። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ «ያቺ ረጅሟ ማን ትባላለች?» አለችኝ።

«ይታይሽ ነው ስሟ» አልኳት፤ ከዚያ ማን ያቁመኝ። እንዴት በግራ እጇም እንደምትወረውር፣ ብርድ እንደማትፈራ፣ ስትሸነፍ እንደማታለቅስ፣ አባቷ ቄስ መሆናቸውን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሴትዮዋ ዓይኗን ከሜዳው ሳትነቅል ሰማችኝ።

«ከአገሯ ርቃ መኖር የምትችል ይመስልሻል?» አለችኝ በመጨረሻ።

«እኔ ካለሁ ትችላለች» አልኩ።

ያኔ ከሜዳው ዞር ብላ አየችኝ። ፈገግ ብላ ፊቷን ወደ ሜዳው መለሰች። ጨዋታው ሲያልቅ ተነስታ ወደ ቲቸር ጌታነህ ሄዳ እጁን ጨበጠች፣ ቀጥላ የይታይሽን። አጥሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ ገባው፤ ጋሽ በላይ ባርኔጣቸውን ወደ ላይ ወረወሩ፣ ሰርካለም እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ ስጮህ የኖርኩት ውሰዱብኝ እያልኩ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

በሳምንቱ ቄስ አለሙ ከሮብ ገበያ መጡ። በእማማ ጥሩነሽ ሳሎን ውስጥ መልማይዋ፣ ቲቸር ጌታነህ፣ ሁለታችን ተቀመጥን። ቄሱ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሁሉን በጸጥታ ከሰሙ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ልጄ ስትታመም ማን አለላት?»

መልማይዋ ሐኪም እንዳለ፣ ትምህርቷን ሳታቋርጥ እንደምትቀጥል፣ ከሌሎች ልጆች ጋር በካምፕ እንደምትኖር ነገረቻቸው። ቄሱ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺስ?»

ይታይሽ አስቀድማ እኔን አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። እኔ ደግሞ የወለሉን ምንጣፍ አየሁ፤ ቀና ብል ምን ልል እንደምችል ስላላወቅሁ። «እሄዳለሁ፣ አባ» አለች። ቄሱ መስቀላቸውን አወጡና አሳለሟት፤ ቀጥሎ እኔንም አሳለሙኝ፤ እንደምትሄድ ሰው።

የሄደች ዕለት ጠዋት አጥሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ሁሉ መናኸሪያ ነበር። ቀይና ነጭ የሚባል ነገር ቀርቷል፤ የወሰዳት ክለብ ከሁለቱም ያልሆነ፣ ስሙን ሰምተነው የማናውቅ ነበር። ጋሽ በላይ ሹፌሩን በመስኮት ይዘው ስለ ዓባይ ቁልቁለት ጠመዝማዛ መንገድ ብዙ መከሩት። ሰርካለም አንዲት ሞቅ ያለች ካልሲ ሰጠቻት። ይታይሽ አቀፈችኝ፤ አገጯ ጭንቅላቴ ላይ ነበር። «ለዓመት በዓል እመጣለሁ» አለች። አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ሰው ለጥቂት ጊዜ ቆመና፣ አንድ ሁለት እያለ ተበተነ።

ለተወሰነ ጊዜ ሰው ይጠይቀኝ ነበር። «ደወለች? ተስማማት?» ይሉኛል። ስልክ በእማማ ጥሩነሽ ቤት ትደውል ነበርና ያለኝን እነግራቸዋለሁ። ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ሲከብድ አጥሩ ላይ መቀመጥ ቀረ። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ጋሽ በላይ ብቻቸውን መጥተው፣ አዳዲሶቹን ልጆች ትንሽ አይተው፣ ተነስተው ሄዱ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ይሉኛል፤ ግን የሚጠይቁኝ ነገር የላቸውም፣ እኔም የምነግራቸው። ሰርካለም ሲንጀሯን ይዛ ወደ ባህር ዳር ሄደች። አንድ ክፍል ቤት ለአንድ ሰው ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ያን ዓመት አወቅሁ። ድምፄም ወደ ድሮው ተመለሰ።

ከዓመታት በኋላ፣ አስተማሪ ሆኜ፣ ለክረምት ኮርስ አዲስ አበባ ሄጄ ሳለ ስትጫወት ላያት ስታዲየም ገባሁ። ዙሪያዬ ያሉት ደጋፊዎች በማላውቀው የቁልምጫ ስም ይጠሯታል። እኔ ተነስቼ «ይታይሽ!» ብዬ ጮህኩ። አንዱ ወጣት ዞሮ «ማናት እሷ?» አለኝ። ከጨዋታው በኋላ በሩ ላይ ጠብቄ አገኘኋት፤ ልክ እንደድሮው አቀፈችኝ፣ እንባዋ መጣ፣ ስለ ሁሉም እየተቻኮለች ጠየቀችኝ። ጋሽ በላይ ማረፋቸውን ስነግራት አፏን በእጇ ያዘች። የቡድኑ አውቶቡስ ጥሩንባ እየነፋ ነበር። «ነገ እደውልልሻለሁ» አለችኝ፤ እውነትም ደወለች። ክፉ ነገር አልተናገረችኝም፣ አልረሳችኝም። ብቻ ያን ጊዜ ስለ እሷ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነበር፣ ደህና መተኛቷን የምትነግራቸው ግን እኔ አልነበርኩም።

አሁን ጉልበቷን ስለሚያማት መጫወት ካቆመች ቆይታለች። አግብታ እዚያው ትኖራለች። እኔ ማርቆስ ነኝ፤ ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው፣ ሥራዬንም እወደዋለሁ። ግን ከትምህርት ቤት ስወጣ የሚጠበቅልኝ ቦታ፣ ገና ሳልቀመጥ «እህ፣ ዛሬስ?» የሚለኝ ሰው የለም። አንድን ነገር ከሌላ ሰው ጋር ሆኖ መጠበቅ እንዲህ ትልቅ ነገር መሆኑን፣ የምንጠብቀው እስኪመጣ ድረስ ማናችንም አላወቅንም ነበር።

የሲሚንቶው ጠረን የመጣብኝ ዕለት ማታ ደወልኩላት። ስለ ጤና፣ ስለ ኑሮ ውድነት አወራን። ትልቋ ልጇ ቁመቷን እንደወረሰች፣ ገና በስድስተኛ ክፍሏ እሷን ልትደርስባት እንደሆነ ነገረችኝ።

«ኳስ ትወዳለች?» አልኳት።

«ኧረ ወዲያ! ንክች አታደርገውም። ካንዲት ጎረቤት ልጅ ጋር ሥዕል ሲስሉ ነው የሚውሉት። ብነጥላቸው እንኳ አይነጠሉም።»

ደስ አለኝ። «አለሽ? መስመሩ ተቋረጠ እንዴ?» አለችኝ።

«አለሁ» አልኳት። «ብቻ ተያቸው፤ ማንም መጥቶ አይነጥላቸው።»