ሪሌው ቋ ሲል

ኦጅዎክ ጁባ፣ ካቶር ሰፈር ካለችው የመለዋወጫ ሱቄ ጎን ጀነሬተር ይጠግናል። ጋምቤላ በስደት አድጎ ሙያውንም እዚያው ስለ ተማረ፣ አማርኛው ከእኔ ከነጋዴው ይጠራል። ጀነሬተር አልነሳ ያለው ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። እሱም ከኪሱ በማትጠፋ ብርጭቆ ወረቀት ኮረንት የሚያገናኘውንና የሚያቋርጠውን የሪሌውን የጠቆሩ ጫፎች ፈግፈግ ያደርግና «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ አለቀ» ይላል። ጁባ ላይ ጠጋኝ ሁሉ እንዲህ ነው። ጫፉ ካላብረቀረቀ ደንበኛም አያምን!

ለትልቅ ኮረንት ይሁን፤ ትልቁ በብልጭታው ቆሻሻውን ያቃጥለዋል። ኮር ዊሊያም ሰፈር ያለ አንድ ክሊኒክ ያሠራው ግን ሌላ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩን «ተነስ» የሚል ትንሽ ሪሌ። በዚያ የሚያልፈው ኮረንት ከምንም አይቆጠርም፣ ስስ ዝገት እንኳ ያቆመዋል። ጫፎቹ ወርቅ የተቀቡትም ለዚሁ ነው። አልኮል በነካው ንጹሕ ወረቀት ጠረግ ቢያደርጋቸው ይበቃ ነበር። መምህሩም ጋምቤላ ሳለ ነግሮት ነበር፤ እጁ ግን የለመደውን አደረገ። ወርቁ ተላጠ፤ ከሥሩ ያለው ብረት ለዝገት ተጋለጠ። ጀነሬተሩ የዚያን ቀን ተነሳ፣ ኦጅዎክም ተመሰገነ። እኳላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች ማለት ይሄ ነው። ክሊኒኩም «ከእንግዲህ በራሱ ይነሳል» ብሎ ጀነሬተር የሚያስነሳውን ሰውዬ አሰናበተ።

በዝናቡ ወራት የኦጅዎክ ሚስት ዩኒስ ሳንባዋን ታማ እዚያው ክሊኒክ ተኛች። የምትተነፍሰው በኦክስጅን ማሽን ነበር። አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ኦጅዎክ አጠገቧ እንደ ተቀመጠ የከተማው መብራት ጠፋ። ማሽኑ ቆመ። ዩኒስ ደንግጣ እጁን ጭምቅ አድርጋ ያዘችው። ከግድግዳው ሳጥን ሪሌው ቋ ሲል ሰማ።

ጠጋኝ በጆሮው ያምናል። ቋ ካለ ተገናኝቷል፣ ከተገናኘ ጀነሬተሩ ይነሳል። ስለዚህ ኦጅዎክ ከመቀመጫው አልተነሳም፤ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። የዛገው ጫፍ ግን ቋ ቢልም ኮረንት አላሳለፈም። ተጠራጥሮ ሲሮጥና ጀነሬተሩን በእጁ ሲያስነሳ ረፍዶ ነበር።

ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ «የእግዜር ፈቃድ ነው» ይለዋል። እኔም የአላህን ውሳኔ አምናለሁ፤ ግን ይህን ቃል ስሰማ እናደዳለሁ። እሱ ግን ያን ሪሌ ነቅሎ ይዞታል፤ በጣቱ ይጫነዋል፣ ቋ ይላል፣ ይለቀዋል። ሥራውን ትቷል።

ትናንት ሱቄ በር ላይ ተቀምጦ ድንገት ተናገረ።

«ረፊቅ፣ ቋ ሲል ‹አይዞሽ፣ አሁን ይነሳል› አልኳት።»

«አንተም እኮ አምነህ ነው» አልኩት።

«እሷም አመነችኝ» አለ። «እጄን ለቀቀችኝ።»