ኮትና አንቱታ

ቀለም ቀቢው ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ቀን ግራጫ ኮት ለብሶ ወደ ሰፈሩ መጠጥ ቤት ሄደ። ኮቱን የገዛችለት ሴት ልጁ ናት። የሥራ ቱታውን ደግሞ ጠቅልላ ጥላዋለች፤ መጀመሪያ ምን ዓይነት መልክ እንደነበረው እሱ ራሱ ረስቶታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደዚያ ቤት የገባው በዚያው ቱታ፣ ከሥራ በቀጥታ ነበር። ደንበኞቹ «ብሩሽ» ይሉታል።

እዚያ ቤት ለመጠጥ ብሎ የሚለብስ የለም። መካኒኩ እስከ ክርኑ ግሪስ እንደነካው ይመጣል። ዳቦ ጋጋሪው ቅንድቡ ላይ ዱቄት አለ፤ ፀጉር አስተካካዩ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፀጉር ትከሻው ላይ ይዞ ይቀመጣል። ኮት የለበሰ ሰው ከገባ ወይ ከፍርድ ቤት፣ ወይ ከሠርግ፣ ወይ ከቀብር የመጣ ነው። ብሩሽ ይህን ያውቃል። ትዝ ያለው ግን በሩን ከፍቶ ከገባ በኋላ ነው።

«ይግቡ፣ ይግቡ» አለች ባለቤቲቱ፤ መስኮት ዳር ያለውን ወንበር በፎጣ ጠረገችለት። ቀና ብላ ስታየው አወቀችው። ቢሆንም አንዴ አንቱ ብላ ጀምራለችና መመለሱ ከበዳት። ሬዲዮኑን ቀነስ አደረገች።

«ማን ነው ያረፈው?» አለችው በቀስታ።

«የት?»

«እኔ ምን አውቄ፤ እርስዎ ይንገሩን እንጂ።»

መካኒኩ ጠርሙሱን አስቀምጦ ተነሣ። «እግዜር ያጽናዎት» አለው።

«ኧረ የሞተ የለም! ጡረታ ወጥቼ ነው።»

ይህን ሲሰሙ ከሞት ዜና የባሰ ደነገጡ። ከሱ በፊት ጡረታ የወጣው ጫማ ሰፊ ነበር። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ሁለት ቀን መጣ፤ ሁለቱንም ቀን መስኮት ዳር ብቻውን ተቀመጠ፤ በሦስተኛው ቀረ። ያኔ ጫማ ሰፊውን አንቱ ካሉት ሰዎች አንዱ ብሩሽ ነበር። ክፋት አስቦ አይደለም፤ ሸሚዙን ሲያይ «አንቱ» ከአፉ ወጣ እንጂ።

ባለቤቲቱ ቢራውን ከብርጭቆ ጋር አመጣችለት። ሃያ ሁለት ዓመት ከጠርሙሱ ሲጠጣ እያየች፣ አሁን ቀድታ፣ አረፋውን አስተካክላ «ይጠጡ» አለችው። ወዲያ ጠረጴዛ ላይ ጨዋታው ቀጥሏል፤ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ ስድብ የሚባል የለበትም። ብሩሽ ያቺን አንድ ቢራ ጨርሶ ሊሄድ፣ ሄዶም ላይመለስ ቆረጠ።

ግማሽ ላይ ሲደርስ ዳቦ ጋጋሪው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቅ።»

«የዳቦ ቤቴ ግድግዳ ቀለሙ እየተላጠ አስቸገረኝ። ሊጡ ላይ ሁሉ ይረግፋል። ከምን የመጣ ይመስልዎታል?»

ብሩሽ ወንበሩን አዞረ። «ምን ይመስላል ብሎ ነገር አለ? ልስኑ ሳይደርቅ ተቀብቶ ነዋ! እርጥብ ግድግዳ የሚቀባ ሰው ቀቢ አይባልም፤ ሌባ ነው። እጁን መቁረጥ ነበር። ማን ነው የቀባልህ?»

ዳቦ ጋጋሪው ወደ መካኒኩ ዞር አለ፤ ወደ ባለቤቲቱ ዞር አለ።

«አንተ!» አለው ብሩሽን።

መካኒኩ ቢራው ትን አለው። ባለቤቲቱ በፎጣው አፏን ይዛ እየሳቀች «አንተ ሌባ! በል ተነሥ ከዚያ፤ እሱ የእንግዳ ወንበር ነው» አለችው።

ብሩሽ ግን አልሰማትም። ብርጭቆውን እዚያው ትቶ፣ ጠርሙሱን ብቻ ይዞ ወደ ጠረጴዛቸው መጥቷል። ፀጉር አስተካካዩን በክርኑ ገፋ አድርጎ አግዳሚው ላይ እየተቀመጠ፣ ፊቱ በንዴት ቀልቶ፣

«እርጥብ ነው አላልኩህም? አንድ ሳምንት ጠብቅ አላልኩህም? ‹ዛሬውኑ ቀባልኝ፣ ነገ እከፍታለሁ› ብለህ ነፍሴን ያወጣኸው አንተ አይደለህ!» ይላል።