ምርቃት ያልደረሰው ወንድም

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ሲይዝ ባለቤቴ አርበኛ ሆኖ ዱር ገባ፤ ታናሽ ወንድሙ ባንዳ ሆነ። ባለቤቴ «ባገኘው እገድለዋለሁ» ብሎ ማለ። እኔ ከመጸለይ በቀር ምን አቅም ነበረኝ?

በፋሲካ ሰሞን የቆሎ ተማሪዎች በደብራችን ቅጥር ወንድሙን ስለሚገድል ሰው ቲያትር አሳዩ። ገዳዩ ጦሩን ከማንሣቱ በፊት፣ «አባዬ፣ እሱን ብቻ መርቀህ ሞትክ?» ብሎ አለቀሰ። ተደብቆ የመጣው ባለቤቴ አቀረቀረ።

«አባታችንም ሲሞት የመረቀው እኔን ብቻ ነው» አለኝ። «ሽማግሌ ላኪበት። በአባቴ ፋንታ እመርቀዋለሁ።»

ወንድምየው መጣና ደጅ ላይ ቆመ። «ጋሼ፣ ልትመርቀኝ ነው ልትገድለኝ?»

«ጎንበስ በል፣ አንተ ባንዳ!» አለው ባለቤቴ። እጁን በወንድሙ ራስ ላይ ጭኖ፣ ምርቃቱን ሳይጨርስ እንባ ቀደመው።

አብረው ዱር ሲገቡ ለሁለት ሰው ስንቅ ቋጠርኩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።