ለካፖው የእሁድ ሽርሽር መንገድ ፍለጋ

ከቡሬ የወጣሁት በጥቅምት፣ ጤዛው ገና ከሣሩ ሳይነሣ ነው። የተላክሁበት ጉዳይ የጦርም የንግድም አልነበረም። ጣሊያኖች በሚያሠሩት የመንገድ ሥራ ሰፈር ብስክሌት ጠጋኝ ነበርሁ፤ ሙያውን እነሱ ከመግባታቸው በፊት አዲስ አበባ ከአንድ አርመን ተምሬዋለሁ። ካፖ የምንለው ጣሊያን አለቃችን ብስክሌት ይወድ ነበር።

"እሁድ እሁድ ከመኮንኖቹ ጋር የምንነዳበት መንገድ ፈልግልኝ" አለኝ በተሰባበረ አማርኛው። "አቀበት የማይበዛው፣ ጥላና ውኃ ያለው። በሄድንበት መመለስ ይሰለቸናል፤ ዞሮ የሚገጥም ይሁን።"

የራሱን ብስክሌትና የይለፍ ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱ በጎዳናው ላይ ይሠራል። ከጎዳናው ወጥቶ ያለው አገር ግን የአርበኞች ነበር፤ እዚያ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ መገኘት ሌላ ትርጉም አለው።

ወደ ወጀት

ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንላት ከተማ ያኔ ወጀት ነበረች። ከቡሬ ወደዚያ መንገዱ ቁልቁል ስለሚያደላ እግር አያደክምም። ኑጉ አብቦ ሜዳውን ቢጫ አልብሶታል፤ በመሐል በመሐሉ የበርበሬው ማሳ ቀልቷል። ማንኩሳ ገበያ ላይ ውኃ ልጠጣ ስወርድ ገበያተኛው ከበበኝ። ዶሮ የተሸከሙ አንዲት እናት ብስክሌቱን ዙሪያውን አይተው፣

"ይኸ ደግሞ ምን ይበላል?" አሉኝ።

"ምንም አይበላ፣ እናቴ። የምበላውም የምደክመውም እኔ ነኝ።"

"እንግዲያማ ፈረሱ አንተ ነህ" አሉ። "ጌታህን ግን አላየነውም።"

ገበያተኛው ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ። ነገሩ የገባኝ ማንኩሳን ለቅቄ ብዙ ከሄድሁ በኋላ ነው።

ወጀት ያደርሁት ከአቶ ሰይድ ቤት ነው፤ ጨው ነጋዴና የቆየ ወዳጄ ናቸው። ገበያው የጣሊያንን ሊሬ አልቀበል ብሎ ጠገራ ብር ብቻ ስለሚጠይቅ ንግዳቸው ቀዝቅዞ ነበር። ስለ መንገዱ ስጠይቃቸው፣

"አለ" አሉኝ። "የድሮው የሲራራ ነጋዴ መንገድ ነው፤ ወንዝ ወንዙን ይዞ ቡሬ ያወጣሃል። ለማን ነው የፈለግኸው?"

"ለካፖው ሽርሽር ነው።"

ያቀረቡልኝን ወተት ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። ከዚያም፣ "ሂድና እየው። ዓይን ያየውን ሁሉ ግን አፍ አይወርሰውም" አሉኝ።

የነጋዴው መንገድ

እንዲህ ያለ መንገድ ከዚያ በፊትም ከዚያም ወዲህ አላየሁም። የበቅሎ ኮቴ ለዘመናት ጠቅጥቆት እንደ ምንጣፍ ለስልሷል። በቀኜ ወንዝ፣ በግራዬ የከብት መስክ፣ ከላይ ሾላና ዋንዛ ቅርንጫፋቸውን አጋጥመው ጥላ ሠርተዋል። ጉሬዛዎች ነጭ ጅራታቸውን አንጠልጥለው ቁልቁል ያዩኛል። ከሰንሰለቱ በቀር የሚሰማ ድምፅ አልነበረም። እኔ ብስክሌት እጠግናለሁ እንጂ ለደስታ ነድቼ አላውቅም፤ ያን ዕለት ግን አንዲት ቁልቁለት ላይ ፔዳሉን ትቼ፣ በራሱ ሲንሸራተት፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

አንድ የቤተ ክርስቲያን ደን ዘንድ ስደርስ ውኃ ልጠጣ ወረድሁ። በድንጋይ ካቡ በኩል ወደ ውስጥ ባይ ደኑ ሰው በሰው ነው። ከዛፎቹ ሥር የቅጠል ዳስ ተደርድሯል፤ ከብቶቹ ቃጭላቸው ተፈትቶ ያመሰኳሉ። እናቶች ልጆቻቸውን በሹክሹክታ ያባብላሉ። አንድ ሙሉ መንደር ያለ ጭስና ያለ ጩኸት ይኖራል። ጎንበስ እንዳልሁ የጠመንጃ አፈሙዝ ጎኔን ነካኝ።

የያዘኝ ጠባቂ ብስክሌቱን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ወደ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ወሰደኝ። የመጣሁበትን ሲጠይቁኝ እውነቱን ነገርኋቸው፦ ካፖው፣ መኮንኖቹ፣ የእሁድ ሽርሽሩ።

"መንደራችንን ሲያቃጥሉም እሁድ ነበር" አለ ጠባቂው። "አባ፣ ይኸን ሰው መልቀቅ የለብንም።"

መሪጌታው ረጋ ብለው አዩኝ። "ሊዋሽ የመጣ ሰው ከዚህ የተሻለ ውሸት ያዘጋጅ ነበር" አሉ። ቀጥለው፣ "ተመልሰህ ምን ትለዋለህ?" አሉኝ።

"መንገዱ ረግረግ ነው፣ አይነዳም እላለሁ።"

"አንተስ ትላለህ። ይኸ ንጹሕ ጎማ ምን ይላል?"

መሪጌታው ተነሥተው ከወንዙ ዳር ወዳለው ረግረግ መሩን። አይለቀቅ ያለው ጠባቂ ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ ጥቁሩን ጭቃ በእፍኙ እየዛቀ ጎማውን ለቀለቀ። አራስ ልጇን ያዘለች ሴት ሰንሰለቱን በጭቃው ሞላችው። እኔም ድንጋይ አንሥቼ የፊተኛውን ጎማ የብረት ክብ፣ ቸርኬውን፣ አጣመምሁ። በዕድሜዬ ሆን ብዬ ያበላሸሁት ብስክሌት እሱ ብቻ ነው።

ስለያቸው አራሷ በቅል አሬራ አቀበለችኝ። ለራሷ እንደማይበቃት አይቻለሁ። እምቢ ልላት አፌን ስከፍት፣ "ጠጣ፤ ተሸክመኸው ነው የምትሄደው" አለችኝ።

ቡሬ

እውነትም ብስክሌቱን ተሸክሜ ገባሁ። ካፖው ቁጢጥ ብሎ የተጣመመውን ቸርኬ ዳሰሰ፤ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሩ ፈቀፈቀ።

"መንገዱ ሁሉ እንዲህ ነው?"

"ሁሉም። ጎማ ይውጣል፤ ጥላም የለው።"

ብድግ ብሎ፣ "እንግዲያ በጎዳናው እንሄዳለን" አለ።

አገር የሚያምረው በሚታየው ይመስለኝ ነበር። ያ መንገድ ግን ያስተማረኝ ሌላ ነው፦ ከሁሉ ያማረው ነገር፣ የማያውቁትን ሰው አምነው ሕይወታቸውን በአፉ ላይ ያስቀመጡ ሰዎች ነበሩ።

በሚቀጥለው እሁድ ካፖውና መኮንኖቹ በፀሐይ ነድተው፣ በሄዱበት ተመልሰው፣ አቧራ ለብሰው መጡ። ብስክሌቶቻቸውን ተቀብዬ ሳጥብ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ፤ ዓይኔ ወደ ደኑ በኩል እንዳይሄድብኝ።