ሚኒሞ ላይ የሚንቀጠቀጥ ሚኒባስ

ማስተማሩን ትቼ ሚኒባስ የገዛሁ ጊዜ ከሁሉም በላይ ያዘኑት አማቴ ናቸው። ልጃቸውን የዳሩት ለመምህር ነበር፤ ሹፌር ሆኜ ስመጣ የተታለሉ መሰላቸው። መኪናዬን አንድም ቀን መኪና ብለው ጠርተዋት አያውቁም። "ያ ነገርህ ደህና አደረ?" ነው የሚሉኝ። ከነፕላስቲኳ ከአዲስ አበባ ያመጣኋት መኪና "ነገር" መባሏ ይከነክነኝ ነበር። ስለዚህ መበላሸት አልነበረባትም። ከተበላሸች እሳቸው ልክ ነበሩ ማለት ነው።

የምሠራው ከቢቸና ሞጣ ነበር። የቀኑን ሥራ ሞጣ ላይ ስጨርስ አማቴ ግቢ አቁሜ፣ ቁልፉን ግድግዳው ምስማር ላይ ሰቅዬ እዚያው አድራለሁ። ብዙም ሳይቆይ መኪናዋ አመል አወጣች። ስትሄድ ደህና ናት። ቆማ ሚኒሞ ላይ ስትሆን ግን፣ ነዳጅ ሳልረግጥ ሞተሩ በራሱ ሲዞር ማለቴ ነው፣ ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች። አንዳንዴም ጭራሽ ትጠፋለች። መናኸሪያ ውስጥ ሰው እስኪሞላ ስጠብቅ መስታወቱ ሁሉ ይንኳኳል።

ተሳፋሪ ደግሞ ዝም ብሎ አይንቀጠቀጥም፤ አስተያየት ይሰጣል። አንዱ "ካንዴላው ነው" ይላል፤ የኔዋ የናፍጣ ናት፣ እሱ የሚለው የቤንዚን መኪና ካንዴላ የላትም። አንድ የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ "መምህር፣ ሳትሞት ሽጣት" ብለው መከሩኝ። ቢቸና ያለ መካኒክ ወዳጄ እጁን እየበላው ሊያያት ሲመጣ ኮፈኑን በሁለት እጄ ተጭኜ ከለከልኩት። የሸጠልኝ ኩባንያ "ሌላ እጅ ከነካት ዋስትናዋ ይሰረዛል" ብሎኛል። መምህር ሳለሁ የፈተና ክፍል እንኳ እንደዚያ ኮፈን ጠብቄ አላውቅም።

በመጨረሻ ወደ አዲስ አበባ ነዳኋት። ደጀን ላይ ናፍጣ ሞላሁ፤ ዓባይን ተሻግሬ ኩባንያው ግቢ ስገባ መንቀጥቀጡን ትታ ጭጭ አለች። ቴክኒሻኑ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ሰማና "አዲስ ስለሆነች ነው፣ እየሠራች ትፍታታለች" ብሎ ሸኘኝ። ያሳፈረችኝ እሷ፣ የተናደድኩት በእሱ። ሞጣ ባደረች ማግስት መንቀጥቀጡ ብሶ ተመለሰ።

ለሁለተኛ ጊዜ ልወስዳት ስነሣ አማቴ "እኔም እሄዳለሁ" አሉ። ውርደቴን በዓይናቸው ሊያዩ ነው አልኩ፤ ግን አማት እንቢ አይባልም። ዓባይ ድልድይ አጠገብ ለፍተሻ ቆመን ስትንዘፈዘፍ፣ ከፊት ወንበር ሆነው ዳሽቦርዱን መታ መታ አደረጉና "አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረህ" አሉ። ሞቷን የሚጠብቁ መሰለኝ።

በዚህኛው ጉዞ ቴክኒሻኑ መንቀጥቀጡን በዓይኑ አየ። የናፍጣውን ፊልትሮ ፈትቶ ያለውን በጠርሙስ ቀዳና ወደ ብርሃን አነሣው። ከላይ ናፍጣ፣ ከሥር ውኃ።

"ይህ የፋብሪካ ጥፋት አይደለም፤ ዋስትናው አይሸፍነውም" አለኝ። "ታንከሩ ውስጥ ሰው ውኃ ጨምሮበታል። ጠላት አለዎት?"

ጠላት እንዳለኝ አላውቅም ነበር፤ ወዲያው ግን ብዙ አገኘሁ። ተራ የተሻማሁትን ሹፌር፣ የጨርቅ ነጋዴውን፣ ያን ምስኪን መካኒክ ሳይቀር ጠረጠርኩ። ሰውየው ሲያዝ የማደርገውን እየዘረዘርኩ ስፎክር አማቴ ከተቀመጡበት ተነሡ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ደግሞም ውኃ አይደለም፤ ጠበል ነው።"

አማቴ ለቴክኒሻኑ እንደ ልጅ ያስረዱት ጀመር። "አዲስ ነገር ነው፣ ዓይን ይበዛበታል ብዬ ጠዋት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቁልፉን ከምስማሩ አውርጄ በናፍጣ መሙያው ጠብ አደርግበት ነበር። ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቡዳ የበላው ሰው ጠበል ሲነካው እንዲህ አይደል የሚያደርገው? ሊለቀው ነው ብዬ ጨመር አደረግሁለት።"

"በተንቀጠቀጠ ቁጥር?" አልኩ።

"ታዲያ፣ ሊለቅ ሲል ይተዋል እንዴ?"

ቴክኒሻኑ አለቃውን ጠራ። አለቃው ነገሩን ሰምቶ፣ ጎንበስ ብሎ "እናቴ፣ ዋስትናው ጠበልን አይጨምርም" አላቸው። የታንከሩ ማጠቢያ ከኔ ኪስ ሆነ። ሠራተኞቹ ደግሞ ከታንከሩ የወጣውን ወለል ላይ ለመድፋት ፈሩ። ሲመካከሩ ቆይተው እግር የማይረግጠው ቦታ ብለው ከቢሮው ፊት ለፊት ያለው አበባ ሥር አፈሰሱት። አበባው ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

በመልስ ጉዞ እስከ ሞጣ ድረስ ላኮርፍ ወስኜ ነበር። ዓባይ በረሃን ከመውረዳችን በፊት ጎሐ ጽዮን ላይ ሞተሩን ሳላጠፋ ቆምኩ። ድምፅዋ አይሰማም። አማቴ መዳፋቸውን ዳሽቦርዱ ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። በሰው ፊት ያን ሁሉ ሲናገሩ ያላፈሩ ሴትዮ አሁን በፍርሃት ነበር ያዩኝ።

"ለቀቀው?" አሉ።

ኩርፊያዬን ከየት ላምጣው። "ለቀቀው፣ እማማ" አልኩ።

"እሰይ። በል ቀስ አድርገህ ንዳ፤ መኪናችን ገና ከሕመም መነሣቷ ነው።"